ይቅር ባይ ሞተር

መተማ ዮሐንስ ላይ እገሌ መኪና ገዛ ሲባል ዋጋዋን ቀድሞ የሚጠይቅ የለም። ቀለሟን የሚጠይቅ ካለ ትናንት ከደጋ የወረደ ነው። የከተማው ሰው የሚጠይቀው፣ "ለኡስታ ኸሊፋ አሳያት ወይ?" ብሎ ነው። ኡስታ ማለት በድንበሩ አነጋገር የሙያ አባት፣ የእጅ አዋቂ ማለት ነው። ቃሉ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ከሱዳኗ ጋላባት፣ ያለ ቀረጥ የገባ ነው፤ በዚያ ድልድይ ላይ ያለ ቀረጥ ካለፈው ዕቃ ሁሉ ሰፊውን ሕዝብ የጠቀመ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ኡስታ ኸሊፋ ስልሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ዘይት ለጁምዓ ሲታጠብ እንኳ አይለቅም። ጋራዡ ግድግዳ የለውም። ጣሪያው አንድ የኒም ዛፍ፣ ወለሉ ሠላሳ ዓመት የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ አስፋልት የመሰለ አፈር ነው። የከተማዋ ምሁራን፣ ማለትም ሾፌሮች፣ ደላሎችና እህል እስኪደርስ ሥራ የፈቱ ገበሬዎች፣ እዚያ ጥላ ሥር ሲከራከሩ ይውላሉ። አጀንዳው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የትኛው ሞተር ይሻላል። እንደ ማናቸውም ጉባኤ ሁሉ፣ አንዲት መኪና እንኳ የሌለው ሰው ነው ረጅሙን ንግግር የሚያደርገው።

ኸሊፋ ለዚህ ክርክር የራሱ መለኪያ ነበረው። ሞተሩ ሙሉ ጭኖ ከወንዝ አሸዋ ይወጣል? ባለቤቱን መንገድ ላይ ጥሎት ያውቃል? ሲበላሽስ በሁለት መፍቻና በአንድ መዶሻ ዛፍ ሥር ይነሣል? ከዚህ የዘለለውን የፈረስ ጉልበት ቆጠራ የሻጭ ወሬ ነው ይለዋል። "ፈረስ መቶ ቢሆን ምን ያደርጋል፣ ዋልካ ጭቃ ውስጥ የሚገባው እግሩ ነው" ይላል።

በዚህ መለኪያ የመዘናቸው ቦክሲዎች ብዙ ናቸው። ቦክሲ የሚሉት ኋላዋ ክፍት የሆነችውን ፒክአፕ ነው። በልጅነቱ ያያት የቤንዚኗ ሞተር ለሩጫ ወደር አልነበራትም፤ ውሃ ስትነካ ግን ከድመት ትብስ ነበር። ከሷ በኋላ ባለ ፓምፗ የናፍጣ ሞተር መጣች። ቀርፋፋ ናት፣ ዳገት ላይ በቅሎ ይቀድማታል። ነገር ግን በጀሪካን የሚሸጠውን፣ ከናፍጣነቱ ጉድፍነቱ የሚበዛውን ጠጥታ፣ አንዴ አስነጥሳ መንገዷን ትቀጥላለች። ባትሪዋ ቢሞት ስትገፋ ትነሣለች። ስትታመም ደግሞ ጆሮ ላለው ሰው በሽታዋን በራሷ አፍ ትናገራለች። የኸሊፋ የራሱ መኪና፣ ሰፈሩ "አሮጊቷ" የሚላት፣ ከዚህች ዘር ናት። ከቀለሟ የተረፈው መስተዋቱ ሥር ያለው ብቻ ነው፤ ነጭ ነበረች ይባላል።

አሮጊቷን ያገኘው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። አብዮቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራው፣ ግድግዳው ሁሉ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ይል ነበር፤ የኸሊፋ ግንባር ግን የገዳሪፍ የመኪና ዕቃ ገበያ ሆነ። ይህን ሲያወራ አያፍርም። ሰባት ዓመት ኡስታ ሙዓዝ የሚባል አንድ ዓይና ሱዳናዊ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ዛሬም ዓይኑን ሲከድን ያ ገበያ ይታየዋል። ፒስቶን እንደ ሽንኩርት በመደብ ተቆልሎ፣ ሞተር እንደታረደ በሬ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ሻጩ ቀዝቃዛ ከርከዴ እየጠጣ "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዳስሰው፣ መዳሰስ በነፃ ነው" ሲል። ሙዓዝ አንድ ዓይኑን ያጣው በሞተር ጭስ ነው ይባል ነበር፤ በቀረችው አንድ ዓይን ግን ሌላው በሁለት የማያየውን ያያል። የመፍቻውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥና፣ "ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ አለ" ይላል። ሲፈታም ሦስተኛው ነው።

ኸሊፋ ከሙዓዝ ከተማረው ሁሉ የበለጠ የኮራበት ግን አንድ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነበር። ሞተር ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታክል ቁራጭ ብረት አለች። ቴርሞስታት ትባላለች፤ ኸሊፋ "በረኛዋ" ይላታል። ሞተር ሲነሣ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ በሩን ትዘጋለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ትከፍታለች። "ይህች ለብርድ አገር የተፈጠረች ናት" ብሎ ነበር ሙዓዝ። "እዚህ ፀሐዩ ሞተሩን ሳይነሣ ያሞቀዋል። በረኛ ምን ያደርጋል? አውጥተህ ጣላት፣ ውሃው እንደልቡ ይሂድ።" ነገሩ እንደ ጥሩ መፈክር ነው፤ አጭር ነው፣ ይገባል፣ ማንም አይመረምረውም።

ኸሊፋ አልጣላቸውም። ከደጋ የወረደች መኪና ሁሉ መጀመሪያ ዛፉ ሥር ትቆማለች፣ በረኛዋን ታስረክባለች፣ ከዚያ ወደ ቆላው ትገባለች። ያወጣቸውን በሽቦ ሰክቶ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ወጠራቸው። ንፋስ ሲነሣ ይንሿሿሉ። ባለመኪና ሁሉ ሽቦው ላይ የራሱን ፈልጎ "ያችውና የኔ" ማለት ልማድ ሆነ። ከጎንደር የመጣ ሾፌር ሳያስወጣ ኮኪት ቢደርስ፣ ሰዉ ጫማውን ሳያወልቅ መስጊድ የገባ ያህል ያየዋል።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ላይ ነው ባለፈው ግንቦት ደረበ አዲሷን መኪና ይዞ የመጣው።

ደረበ የኮኪት ሰሊጥ ገበሬ ነው። ሦስት ትራክተርና ሁለት አሮጌ ቦክሲ አለው፤ ሁሉም ሃያ ዓመት ከኸሊፋ እጅ ወጥተው አያውቁም። ሁለቱ እኩያ ናቸው፣ እንደ እኩያም ይሰዳደባሉ። አዲሷ ቦክሲ ጥቁር ናት፣ ታብረቀርቃለች፤ ሞተሯን የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው።

"በል ኡስታ፣ ሙሽራ ይዤልህ መጣሁ" አለ ደረበ።

ኸሊፋ ኮፈኑን አስከፈተ። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ዙሪያዋን ሄዶ ተመለሰ።

"ሞተሯስ?"

"ሥሩ አለ።"

"ምን ያሳፈራት ነገር አለና ነው እንዲህ የተከናነበችው?"

"ጨዋ ናት። እንዳንተ አሮጊት ሆዷን ገልጣ አትዞርም።"

"አስነሣት እስቲ።"

ደረበ አስነሣት። ኸሊፋ መፍቻውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየና ቀና አለ። "ተነሥታለች?"

ጥላው ሥር ያለው ሰው ሳቀ። ደረበ ግን አልሳቀም። "ስማ፣ ከገንደውሃ እዚህ ድረስ አሥራ አምስት ኩንታል ጭኜ በአራተኛ ማርሽ መጣሁባት። ያንተዋ ይህን በሕልሟም አታየውም። ናፍጣ ትቆጥባለች፣ አታጨስም። በጉልበት ልብህ ያውቀዋል፣ አቻ የላትም።"

"በጉልበት አልተከራከርኩህም። ስትቆምስ ማን ያስነሣታል?"

"እሱን ልጠይቅህ ነው የመጣሁ።" ደረበ ኮፈኑ ላይ ተደገፈ። "አለምሰገድ አምጣት ብሎኛል። ገና በእሱ እጅ አልሰጠኋትም።"

አለምሰገድ ጎንደር ቴክኒክ ኮሌጅ ተምሮ የመጣ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ሲሚንቶ ወለል ያለው የቆርቆሮ ጋራዥ ከፍቷል። መኪና ላይ የሚሰካው መመርመሪያ አለው፤ ሳይፈታ በሽታ ስለሚናገር ገበሬው መሣሪያውን "ጠንቋዩ" ይለዋል።

"አምስት ሰዎች ይህችኑ ዓይነት አዘዋል" አለ ደረበ። "ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እስከ ሰኔ አንተ ዘንድ ትክረም። ከተስማማችህ ስድስታችንም እዚህ ነን። ካልተስማማችህ ሁላችንም ማዶ እንሻገራለን፤ ያን ጊዜ አትቀየመኝ።"

ኸሊፋ ነገሩ ገባው። ስድስቱ ከሄዱ ሌላው ይከተላል። ገበሬ ለብቻው አያስብም፤ በመንጋ ያስብና እያንዳንዱ የራሴ ሐሳብ ነው ይላል። ዛፉ የፍየል ማረፊያ ይሆናል፤ እሱም ጎንደር ያገባች ልጁ ቤት ሄዶ የልጅ ልጅ ብስክሌት ሲጠግን ይኖራል። ለሠላሳ ዓመት "ኡስታ" የተባለ ሰው ይህን በአንድ ሰኔ እንዲውጥ ነው የተጠየቀው።

"ተዋትና ሂድ" አለ።

ሁለት ቀን ሙሉ አዲሷን ዙሪያዋን ሲዞር ዋለ። አብዛኛውን ነገር አልነካም፤ ምኑን እንደሚነካ አላወቀም። ከሽቦው ብዛት የተነሣ ሞተር ሳይሆን የስልክ ቢሮ ነው የምትመስለው አለ። አንዲት ነገር ግን አወቀ። ከቱቦው ሥር፣ ከወትሮው ትንሽ ተለቅ ብላ፣ በረኛዋ ተቀምጣለች። እንደ ዘመድ ፊት ደስ አሰኘችው። ሁለት ብሎን ፈታ፣ አወጣት፣ ዛፉ ላይ በተወጠረው ሽቦ ሰካት።

ደረበ ሲመለስ ቀድሞ የጠየቀው፣ "አወጣሃት?" ብሎ ነው።

"ወጥታለች።"

"ተባረክ። አሁን የኛ አገር ሰው ሆነች።"

መኪናዋን በወሰደ በአራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል፣ ደረበ ስልክ ደወለ። ከኮኪት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ ደረቅ ወንዝ መሐል፣ የማሽላ ዘርና አሥራ አንድ የቀን ሠራተኛ ጭና አዲሷ ፈላች። የሙቀት መለኪያው ቀይ ሲያበራ አጥፍቷታል። "ና አውጣኝ። ፀሐዩ ሊገድለን ነው" አለ።

ኸሊፋ አሮጊቷን አስነሣ። ደስ አላለውም ማለት ውሸት ነው። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሄዶበታል። ድሮ በሰኔ መግቢያ ኋላዋ ላይ ሠላሳ ሠራተኛ ተጣብቆ፣ የጎጃሙ በጎጃም፣ የወሎው በወሎ ዜማ እየዘፈነ፣ እሱ በመስኮት እየጮኸ "ዳንሱን ቀንሱ፣ ባሌስትራው ይሰበራል" እያለ ይነዳ ነበር። ገዳሪፍ ሄዶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃ ነበር፤ ጠዋት የፓምፕ ቫልቭ ፍለጋ የወጣ ሰው ማታ ቫልቩን፣ አንድ ጆንያ ስኳርና የአንድ ሠርግ ወሬ ይዞ ይገባል። ሱዳን እርስ በርሷ መታኮስ ከጀመረች ወዲህ ከድልድዩ ማዶ የሚመጣው ዕቃ ሳይሆን ልብሱን የጠቀለለ ሰው ነው። ኡስታ ሙዓዝ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግረው አላገኘም። አሮጊቷ ግን ያኔም እንዲህ ታጓራ ነበር፤ አሁንም ታጓራለች።

ሲደርስ ሠራተኞቹ የወንዙ ዳር ጥላ ውስጥ ተኝተዋል። አዲሷ አሸዋው መሐል ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ከሠራተኞቹ አንዱ ፈንቴ ይባላል፤ ከጎጃም ወርዶ ሰባት ዓመት ሳይመለስ የቀረ ሳሉግ ነው፤ ሳሉግ የሚሉት ቆላውን አገሩ ያደረገውን ሠራተኛ ነው።

"አያ ኸሊፋ" አለ ፈንቴ ሳይነሣ፣ "ይችን ዘመናይ ቅበሩልንና እንሂድ። ጉድጓዱን እኛ እንቆፍራለን።"

"ሞታ አይዶል፣ አርፋ ነው" አለ ደረበ።

"ዲያ፣ እንግዲያ እኛም እንደሷ እንረፍ። የቀን ሥራ ሆነ ብለው ይጻፉልን።"

ኸሊፋ የመጎተቻ ካቦውን አሰረ። አሮጊቷን አንደኛ ማርሽ አስገባ። ጥቁር ጭስ አወጣች፣ አሸዋው ላይ ተንፏቀቀች፣ ጎማዋ አንዴ ተሽከረከረ፤ ከዚያ እንደ ጥንድ በሬ አንገቷን ደፍታ፣ አዲሷን ከነማሽላዋ ጎትታ ዳር አወጣቻት። ሠራተኞቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ፈንቴ የአሮጊቷን ኮፈን እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አደረገ።

ደረበ ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። "አበቃ" አለ። "ኡስታ፣ አሸነፍክ። እሸጣታለሁ። አምስቱም እንዲሰርዙ እነግራቸዋለሁ። ያባታችንን ሞተር ይስጠን፤ ኮምፒዩተር ለቢሮ ነው።"

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ ኖሮ የሚያምር ተረት ይሆን ነበር፤ አሮጌው አዲሱን ጎትቶ አወጣ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ መጋረጃ። ኸሊፋ ግን እጁ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ደረበ ሲናገር እሱ ወደ አዲሷ ኮፈን ጎንበስ ብሎ ይዳስስ ነበር። የላይኛው ቱቦ እጅ ያቃጥላል። ራዲያተሩን ከላይ ነካ፤ ሞቋል። ወደ ታች ወረደ። የታችኛው ጎን ለብ ያለ ብቻ ነው። እንደገና ነካው። ሞተር በፈላበት ሰዓት ራዲያተር ለብ አይልም። ውሃው ሞተሩ ውስጥ እየፈላ፣ ሊቀዘቅዝበት ወደሚገባው ቤት ግን ብዙም አልመጣም ማለት ነው። ታዲያ በየት ዞረ?

በረኛዋን ሲፈታ ያየውን ቦታ አስታወሰ። ከጎኑ አንድ ጠባብ ያልሆነ ቀዳዳ ነበረ፤ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት። በረኛዋ ተለቅ ያለችው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሁለት በር ነበራት። አንዱን ስትከፍት ሌላውን የምትዘጋ። እሱ ሲያወጣት አቋራጩን ለዘላለም ከፍቶት ሄደ።

ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ቆየ። ዝም ቢል ሁሉም ነገር የእሱ ነው። ዛፉ፣ ስድስቱ መኪኖች፣ ሠላሳው ዓመት። ማንም አያውቅበትም፤ ቢነገረውም የሚያምን የለም። ታሪክ ራሷ ብዙ ጊዜ ዝም ላለ ሰው ነው የፈረደችው። ግን ቀና አለ።

"ደረበ፣ መኪናዋ ምንም የላት" አለ። "ያፈላኋት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"በረኛዋን ያወጣሁ እኔ ነኝ። የእሷ መውጣት ነው ያፈላት።"

ደረበ ሠራተኞቹን አየ፤ ሠራተኞቹም እሱን አዩት።

"አያ ኸሊፋ፣ ፀሐይ መትቶዎት ይሆናል" አለ ፈንቴ፣ አሁን በእውነት አዝኖ። "ጥላ ይግቡ።"

"ኡስታ" አለ ደረበ፣ "እስዋ ከወጣች መኪና ይቀዘቅዛል እንጂ እንዴት ይፈላል? አንተ አይዶለህ ያስተማርከኝ?"

"እኔ ነኝ። ወላሂ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር።"

ለማስረዳት ሞከረ፤ አሸዋው ላይ በጣቱ ሁለት በር ሣለ። ደረበ ሥዕሉን እያየ፣ "ታመህ ነው" ብቻ አለ። ኸሊፋ የተናገረው ነገር ሁሉ በኸሊፋ ተማሪዎች ፊት ዋጋ አጣ፤ ጥሩ አስተማሪ መሆን ያለው ዕዳ ይህ ነው።

ስለዚህ ጎተታት። ከኮኪት ወጥተው መተማ ሲገቡ አሮጊቷ አዲሷን በካቦ ይዛ ዛፉ ሥር ደረሰች፤ እዚያ የነበረው ጉባኤ ተነሥቶ በደስታ ተቀበላት። ኸሊፋ ወርዶ ከሽቦው ላይ የመጨረሻዋን በረኛ አወጣ፣ ኪሱ ከተተ፣ ተመልሶ ገባ። ሞተር አላጠፋም። ዛፉን አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ የቆርቆሮው ጋራዥ በር ላይ ቆመ።

አለምሰገድ በጨርቅ እጁን እየጠረገ ወጣ። አሮጊቷን በሩ ላይ ቆማ ሲያይ ፈጠን ብሎ ቀረበ። "ኡስታ፣ ይግቡ። ምን ሆናችሁ?"

ኸሊፋ በረኛዋን መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየው። አለምሰገድ አያትና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቢስቅ ለኸሊፋ ይሻለው ነበር።

"በቴስታዋ፣ በሞተሩ ክዳን፣ ላይ ጉዳት ይኑር አይኑር እንየው" አለ።

ጉዳት አልነበረም፤ ደረበ ቶሎ አጥፍቷታል። በረኛዋ ተመለሰች፣ ውሃው ተሞላ፣ መኪናዋ ተነሣች። ግማሽ ሰዓት በፀሐይ ውስጥ ሞተሩ ሲዞር አለምሰገድ ጠንቋዩን ሰክቶ ሙቀቱን ለደረበ በቁጥር አሳየው። ቁጥሩ ከፍ አለ፣ ቆመ፣ ከዚያ በኋላ አልነቃነቅም አለ። ኸሊፋ ቁጥሩን አላየም፤ እጁን የራዲያተሩ ታችኛ ጎን ላይ አድርጎ ነበር። ሲሞቅ ተሰማው።

"አለምሰገድ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "አሮጌዎቹስ?"

"አሮጌዎቹ ምን?"

"እነሱን መውጣቷ ለምን አላፈላቸውም?"

አለምሰገድ ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ። "የእነሱ በር አንድ ነው። ሲወጣ አይፈሉም።"

"ጨርሰው።"

"ይቅርብዎ ኡስታ።"

"ጨርሰው ብያለሁ።"

"አይሞቁም። ሞተር ሳይሞቅ ሲሠራ ናፍጣ ይበላል፣ የፒስቶኑ ቀለበት፣ ፋሻውም፣ ቶሎ ያልቃል። የአባቴን መኪና ያወጡላት እርስዎ ነዎት። በየሦስት ዓመቱ ፋሻ እናስቀይር ነበር። ኮሌጅ ስገባ ነው ምክንያቱ የገባኝ።"

ኸሊፋ በየሦስት ዓመቱ የቀየራቸውን ፋሻዎች አስታወሰ። ስንት ሞተር፣ ስንት ክረምት። በዚያ ሥራው ሲኮራ ኖሯል። "ከኸሊፋ እጅ የወጣ ሞተር ሦስት ዓመት ይሄዳል" ይባልለት ነበር፤ ሰባት መሄድ የሚችለውን። ባለ ፓምፗ ሞተር ያለ ቅሬታ፣ እያጨሰች፣ እያጓራች፣ የሱን ስሕተት ተሸክማ ጎትታለች።

"ይቅር ስትለን ነው የኖረች" አለ ቀስ ብሎ። "እኛ ጎበዝ ነን ስንል።"

ደረበ ይህን ሰማ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አመነ። አዲሷን ዞሮ አያት፣ ከዚያ ኸሊፋን አየ።

"ይችን እዚሁ እተዋታለሁ" አለ። "አምስቱም እዚህ ይመጣሉ። ተነጋግረናል አይዶል?"

"ተነጋግረናል።"

"ትራክተሮቹ አንተ ዘንድ ናቸው። በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ብሎኔን አይሰርቀኝም።"

"ሁለቱን አሮጌ ቦክሲዎችህን አምጣልኝ። በረኛቸውን ልመልስላቸው።"

ደረበ ፊቱን አጠቆረ። "እነሱን እንዳትነካ። ሃያ ዓመት ደህና ሠርተዋል።"

ኸሊፋ ወሬው በተዳረሰ ማግሥት ሰው ሁሉ እንደሚሸሸው ጠብቆ ነበር። ከተማውን ግን ሳያውቀው ነው ያረጀው። የሸሸው የለም። ከደረበ በቀር ያመነውም የለም። አንዱ ልጁ ኡስታውን በመሣሪያው አፍዞታል አለ፣ ሌላው ትሕትና ነው አለ። ሚስቱን ሰይዳን መንገድ ላይ እያስቆሙ ጤንነቱን የሚጠይቁ በዙ። እሷም ምላሷ አይያዝም፣ "ደህና ነው። ተሳሳትኩ አለ እንጂ ምንም አላመመው። ሠላሳ አምስት ዓመት ለኔ ብሎ የማያውቀውን ነው፤ እናንተ ብትደነግጡ አልፈርድም" ትላቸው ነበር።

እሱ የአሮጊቷን በረኛ መለሰ። ከዚያ ባለ አሮጌ ቦክሲዎችን በየቤታቸው እየሄደ፣ ያለ ዋጋ ልመልስላችሁ አለ። ሻይ ጋበዙት፣ መረቁት፣ መኪናቸውን ግን አላመጡም። አንድ ትምህርት ሕዝብ ልብ ከገባ ያስገባው ሰው ራሱ መጥቶ አያስወጣውም፤ በራሪ ወረቀት የበተኑ ሁሉ ይህን ዘግይተው ነው ያወቁት።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል መጥቆር ሲጀምር፣ ከሳንጃ አንዲት ባለ ፓምፕ ቦክሲ ወርዳ ዛፉ ሥር ቆመች። ሾፌሩ ለይኩን ይባላል፤ አርባ የሚሆነው፣ ፂሙ ያደገ ሰው። ሳይጠየቅ ኮፈኑን ራሱ ከፈተ።

"ደህና ዋሉ ኡስታ። ያችን ያውጡልኝ፣ ቸኩያለሁ።"

"አላወጣም።"

"ሥራ በዝቶብዎት ነው?"

"ምንም ሥራ የለኝ። መውጣት የለባትም። ፋሻህን ትጨርሳለች።"

ለይኩን ሳቅ አለ። "አባቴ ነው የላከኝ። የእሱን እርስዎ ነዎት ያወጡለት። ሳታስወጣ እንዳትሻገር ብሎኛል።"

"ለአባትህ ኸሊፋ ተሳስቶ ነበር በለው።"

"አባቴን እንዴት እንዲህ እለዋለሁ?" አለ ለይኩን፣ በእውነት ተጨንቆ። "እርስዎን እንደ ነቢይ ነው የሚያይ።" ሰማዩን አየ። "ሌላ የሚያወጣ የለም?"

ነበር። ከገበያው አጠገብ ሁለት ነበሩ። ሁለቱም እዚሁ ዛፍ ሥር የተማሩ፣ መፍቻ አያያዛቸው የኸሊፋ፣ ሲያዳምጡ አንገታቸውን የሚያዘነብሉት እንደ ኸሊፋ። ኸሊፋ አልጠቆመውም። ጥላው ሥር ያለው ደላላ ግን ጠቆመው።

ለይኩን አመሰገነ፣ ኮፈኑን ዘጋ፣ መኪናዋን አስነሣ። ኸሊፋ የደረበን ትራክተር ብሎን እያጠበቀ ነበር፤ እጁን አቆመ። ቦክሲዋ አስፋልቱን ተሻግራ ወደ ገበያው ስትታጠፍ ድምፅዋን ሰማ። ጤነኛ ናት። አራቱም ክፍል እኩል ይመታል፤ አልሞቀችም ገና፣ ትንሽ ትስላለች፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ሳሉ ይተዋታል። ድምፅዋ ገበያው ጋ ሲቆም ሰማና ወደ ብሎኑ ተመለሰ።